የማለዳ ሰዎች

ማርጆሪን ሊወስዱብን የመጡ መስሎኝ ነበር።

ማርጆሪ ጀልባችን ናት። ስሟን ያወጣንላት እኛ አይደለንም። ከእኛ በፊት የነበሩት ባለቤት ጎኗ ላይ በቢጫ ቀለም ጽፈውት ነበር፤ አባቴም «የጀልባ ስም መለወጥ ገድ አይደለም ይላሉ» ብሎ እንዳለ ተወው። ርዝመቷ ከአውቶቡስ ይበልጣል፤ ስፋቷ ግን አባቴ መሀል ቆሞ እጆቹን ሲዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ ይነካ ነበር። ማብሰያው፣ የከሰል ምድጃው፣ የወላጆቼ አልጋ፣ የእኔ አልጋ፣ ሁሉም እንደ ባቡር ፉርጎ ተከታትለው ነው የተደረደሩት። ከራስጌዬ አንዲት ክብ መስኮት ነበረች። ጀልባዋ ውሃው ላይ ዝቅ ብላ ስለምትቆም በመስኮቷ የሚታየኝ የቦዩ ዳር መንገድና የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነበር። ሰውን በጫማው መለየት የተማርኩት ያኔ ነው።

የለንደን ቦዮች ላይ ቋሚ ማቆሚያ የሌለው ጀልባ አንድ ቦታ ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆምም። ደንቡ ነው። ተቆጣጣሪው በብስክሌት እየዞረ የጀልባዎቹን ቁጥር ይመዘግባል። እኛም ቀናችን ሲደርስ ካስማውን ነቅለን፣ ገመዱን ጠቅልለን እንሄዳለን፤ አንድ ሰሞን ከመናፈሻ አጠገብ፣ አንድ ሰሞን ከሱፐርማርኬት ጀርባ። እናቴ ብፅዓት አርችዌይ በሚባለው ሰፈር የጥርስ ሐኪም ረዳት ነበረች፤ አባቴ ሳህሌ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። ማርጆሪ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ሦስታችንም አዲስ መንገድ እንማራለን።

ደንቡን የማያከብር ምን እንደሚገጥመው አይቻለሁ። አንድ ጎረቤታችን አልነቃነቅ ብሎ ከረመ፤ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጀልባው በክሬን ተነስቶ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ከውሃ የወጣ ጀልባ ሆዱ ዝገትና አረንጓዴ ጸጉር ነው። ሰውየው አንድ ድስት ታቅፎ መንገዱ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ከዚያ በኋላ ሌላ የምፈራው ነገር አልነበረኝም።

ለፍርሃቴ መልክ የሰጡት ጋሽ ዘውዴ ናቸው። ጋሽ ዘውዴ ዋይት ሲቲ የሚኖሩ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበሩ። ጀልባ ላይ መኖራችንን ከመጀመሪያው አልወደዱትም። ከቅዳሴ በኋላ አባቴን ባገኙት ቁጥር ክንዱን ጨብጠው ይይዙታል።

«ሰው እንዴት ውሃ ላይ ይኖራል? ይቺን ልጅ እኮ ዳክዬ አደረጋችኋት!»

«ጋሼ፣ ዳክዬ ኪራይ አይከፍልማ» ይላል አባቴ።

«ሳቅ! አንተ ሳቅ! አንድ ቀን መጥቼ በገመድ እየጎተትኩ ወደ መሬት ካልመለስኳችሁ ዘውዴ አይደለሁም።»

እሳቸው ይቀልዱ ነበር። እኔ ግን ክሬኑን አይቻለሁ።

የመጡት ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር፣ ኪንግስ ክሮስ ቆመን ሳለ ነው። ገና እየነጋጋ ነበር። መጀመሪያ ያየሁት ጫማቸውን ነው። ሦስት ጥንድ እግሮች በመስኮቴ ፊት ተደርድረው ቆሙ፦ የጋሽ ዘውዴ የተወለወለ ጥቁር የቆዳ ጫማ፤ ከረጅም ቀሚስ ሥር የሚታይ ሰፊ ጫማ፣ በኋላ ሳየው የቄስ የሆነ፤ ጠባብ የእሑድ ጫማ ውስጥ የተጨናነቁት ደግሞ ያበጡት የእትዬ ሮማንወርቅ እግሮች። እትዬ ሮማንወርቅን እወዳቸው ነበር። ሰቨን ሲስተርስ ነው የሚኖሩት፤ ቦርሳቸው ውስጥ ለእኔ ከረሜላ አይጠፋም። ከእናቴ ታላቅ እህት ከጽጌ ጋር ደሴ ላይ አንድ ግቢ ያደጉ ናቸው። የነጠላቸው ጫፍ የቦዩን ጭቃ ነክቶ ነበር።

እናቴ ሻይ እየቀዳች ነበር። ጎንበስ ብላ በመስኮቴ አየች። ብርጭቆውን አስቀመጠች፤ ጋዙን ዘጋች፤ ሹራቧን ደረበች፤ ወደ ኋላ ወጣች። ሁሉንም ሳትቸኩል ነው ያደረገችው። ወዲያው ሞተሩ ተነሳ።

«ሳህሌ፣ ገመዱን ፍታው።»

«ብፅዓት፣ ሰው መጥቶ እኮ ነው።»

«ገመዱን!»

አባቴ ወደ ሽማግሌዎቹ አየ፤ ወደ እሷ አየ፤ ፈታው።

ቦይ ላይ መሮጥ የለም። የጀልባ ፍጥነት የሰው እርምጃ ነው፤ በቆሙ ጀልባዎች አጠገብ ሲታለፍ ደግሞ ማዕበሉ ገመዳቸውን እንዳይነቅል ከዚያም ይቀንሳል። ስለዚህ ሩጫው እንዲህ ያለ ሆነ፦ እኛ በዝግታ እንሸሻለን፤ እነሱ ከጎናችን በዝግታ እየሄዱ ያሳድዱናል፤ በመሀላችን ያለው ውሃ ጎረምሳ ሊዘለው የሚችለው ነው።

«እንዴት አደርሽ፣ ብፅዓት?» አሉ እትዬ ሮማንወርቅ እየተራመዱ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንዴት አደሩ፣ እትዬ? ምነው በማለዳ?»

«እንዲያው ልናያችሁ ብለን ነው። ቆም በይና እንጫወት።»

«ቀናችን ዛሬ ነው፤ ሙቭ ማድረግ አለብን። ተቆጣጣሪው ቼክ ያደርጋል።»

ውሸት ነበር። እዚያ ቦታ ከቆምን ሦስተኛ ቀናችን ነው። አባቴ ጫማውን ያይ ጀመር። እኔ ግን ጣሪያው ላይ ተቀምጬ እንደ እናቴ ያለ ጀግና የለም አልኩ።

«ትንሽ ብቻ ቆም ብትይ ምን አለበት?» አሉ ጋሽ ዘውዴ።

«ይሄ ሞተር አንዴ ከተነሳ ማጥፋት አይወድም፣ ጋሼ። ሻይ እንኳ ሳትጠጡ!»

«አይ፣ እኛ ምንም አንቀምስም» አሉ ቄሱ።

ይህ አስደነገጠኝ። ከቤታችን ምንም ሳይቀምስ የሚሄድ እንግዳ አላውቅም። ምንም የማይቀምሰው ተቆጣጣሪው ብቻ ነው፤ አባቴ አንድ ጊዜ ብስኩት ሲሰጠው «በሥራ ላይ አይፈቀድልኝም» ብሎታል። ሁሉም ነገር ገጠመልኝ፤ እነዚህ ሰዎች ሥራ ላይ ናቸው።

ከኋላቸው ብስክሌተኛ ደወሉን እያቃጨለ መጣ። ጋሽ ዘውዴ ወደ አጥሩ ተለጥፈው «ይለፉ፣ ይለፉ!» አሉት ባማርኛ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። እናቴ ከንፈሯን ነከሰች። ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም።

ከካሌዶንያን መንገድ ድልድይ በኋላ ቦዩ ኮረብታ ሥር ይገባል። ዛሬ ሥራዬ የድሮ ድልድይና የቦይ ግንብ ስንጥቅ መመርመር ስለሆነ ያን ዋሻ ከውስጥም ከውጭም አውቀዋለሁ። ሲቆፈር የእግር መንገድ አልተሠራለትም። በጥንት ጊዜ ጀልባ የሚጎትቱት ፈረሶች እዚህ ሲደርሱ ተፈትተው በኮረብታው ላይ ይሻገራሉ፤ ሰዎች ደግሞ ጀልባው ላይ በጀርባቸው ተኝተው የዋሻውን ግድግዳ በእግራቸው እየረገጡ ያሻግሩታል። እናቴ ይህን ታውቅ ነበር። ጋሽ ዘውዴ አያውቁም።

«መንገዱ የት ገባ?» ሲሉ ሰማኋቸው።

ዘወር ስል ሦስቱም የዋሻው አፍ ላይ ቆመዋል፤ እየራቁና እያነሱ ይሄዳሉ። እትዬ ሮማንወርቅ አንድ እጃቸውን ዘርግተው ነበር። የሰላምታ መስሎኝ መለስኩላቸው።

ዋሻው ውስጥ ከፊት ያለችን መብራት አንዲት ናት፤ ጣሪያው ይንጠባጠባል፤ የወዲያኛው አፍ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ትንሽ ነጭ ነገር ሆኖ ይታያል። አባቴ ወደ ውስጥ ገብቷል። እናቴ ከሞተሩ ድምፅ በላይ ጠራችኝ።

«ዳኒዬ! እታለም በስልክ እንዴት ነው የምትስቀው?»

ታላቅ እህቷን ጽጌን እታለም ነው የምትላት፤ እኔም እንደዚያው። በአካል አይቻት አላውቅም፤ ግን በየእሑዱ ትደውላለች። ድምፅ መቅዳት ተሰጥኦዬ ነበር።

«ዳናዊት! ጥርስ አወለቅሽ አሉ! እናትሽ የሰው ጥርስ እያዳነች የልጇን ታስወልቃለች? ቂ ቂ ቂ ቂ!»

ዋሻው ሳቁን ተቀብሎ መለሰው።

«እንደገና» አለች እናቴ።

እንደገና ሳቅሁ። ብርሃኑ ሰፍቶ እስኪውጠን ድረስ ስንት ጊዜ እንዳሳቀችኝ አላስታውስም። ጨዋታ መስሎኝ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ሳቅሁላት።

ይህን የሚያነብ ያገሬ ሰው ገና ሦስቱ ጫማ ሲደረደር ገብቶታል። ሽማግሌ፣ ቄስና የቅርብ ሰው በማለዳ በራፍ ላይ ሲቆሙ፣ ምንም አንቀምስም ሲሉ፣ መርዶ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም። መንገድ ላይም፣ ለቆመ ሰውም አይነገርም። ባለ መርዶው ቤቱ ይቀመጣል፣ የሚደግፈው ሰው ከጎኑ ይሆናል፣ ከዚያ ነው የሚነገረው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር፤ ለንደን ተወልጄ ያደግሁ፣ የቅርብ ሰው ሞቶብኝ የማያውቅ ልጅ ነበርኩ። እታለም ጽጌ ደሴ ላይ ከተቀበረች ሰንብታለች። እናቴን ያሳደገቻት እሷ ናት።

ይህ ከመሆኑ በፊት በአንድ እሑድ ስልኩ ሳይጮህ ቀርቶ ነበር። በማግስቱ እናቴ ደወለች። ያነሳው የእታለም ልጅ ነው።

«ጠበል ወርዳለች፣ አክስቴ። እዚያ ስልክ አይፈቀድም።»

«የትኛው ጠበል?»

«ራቅ ያለ ነው።»

«እሺ» አለች እናቴ። ሁለተኛ አልደወለችም። እኔ ደግሞ እታለም እንደ እኛ ውሃ አጠገብ ከርማለች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

እናቴ አሁን መሬት ላይ ነው የምትኖረው፤ ሰቨን ሲስተርስ፣ አራተኛ ፎቅ። ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ጠየቅኋት።

«ሽማግሌዎቹን ስታዪ ነው ያወቅሽው?»

«ምን ሽማግሌ! ልጁ ‹ጠበል ናት› ሲለኝ ነው እንጂ። እታለም ጠበል ሄዳ ሳትደውልልኝ? እሷ ስልኩን ይዛ ጠበሉ ውስጥ የምትገባ ሴት!» ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን አቆመች። «ካልነገሩኝ አልሞተችም። ትንሽ ልጨምርላት ብዬ ነው።»

እንዲህ ነበር የተጨመረላት። ከዋሻው በኋላ ወደ ምሥራቅ ወረድን፤ ሎክ በሎክ። ሎክ የውሃ ደረጃ ነው፦ ጀልባው ከፊትና ከኋላ በር ያለው የግንብ ክፍል ውስጥ ይገባል፤ በሮቹ ይዘጋሉ፤ ውሃው ሲለቀቅ ጀልባው ይወርዳል፤ ሲሞላ ይወጣል። በሰላሙ ጊዜ እናቴ ሎክ ላይ ከሚያልፈው ሁሉ ጋር ታወራ ነበር። አሁን መሪውን ይዛ የቦዩን ዳር መንገድ ከጫፍ ጫፍ ታያለች። የተፈቀደልንን ሁለት ሳምንት መጠበቅ ተወች። ማታ ከአንድ ዛፍ ሥር አስረን ጠዋት ከሌላ ዛፍ ሥር እንገኛለን። ስነቃ መጀመሪያ የማደርገው የትኛው ድልድይ አጠገብ እንዳለን መለየት ነበር። ትምህርት ቤት ካረፈድኩ «ቤታችን ሄዶብኝ ነው» እላለሁ፤ መምህሬ እንደ ቀልድ ትቆጥረዋለች።

ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተውን። ስልክ ግን ይጮሃል።

«የት ናችሁ ዛሬ፣ ብፅዓት?» የእትዬ ሮማንወርቅ ድምፅ ከስልኩ አልፎ ይሰማል።

«ሊትል ቬኒስ ነን፣ እትዬ።»

እኛ ቪክቶሪያ ፓርክ ነን፤ የከተማው ሌላ ጫፍ። ስልኩን ስትዘጋ አፍጥጬ አየኋት።

«ውሸት አይደለም» አለች። «ሊትል ቬኒስ ነበርን፤ በሚያዝያ።»

ስለዚህ በማግስቱ ማለዳ ሦስቱ ሰዎች ምዕራብ ለንደን ውስጥ ከጀልባ ጀልባ እየዞሩ «ማርጆሪ፣ ማርጆሪ» እያሉ ሲያነቡ ውለዋል። እኔም ድርሻዬን ተወጣሁ፤ ርጥብ ፎጣ ከጣሪያው አንጠልጥዬ ስሟን ሸፈንኩት። አባቴ ፎጣውን አይቶ አነሳው፤ አጠፈው። ያን ሰሞን ምግብ አይበላለትም ነበር። ሲስቅ ዘግይቶ ይስቃል።

በኋላ ወደ ማይል ኤንድ ወረድን። ከዚያ ወዲያ ሩቅ የሚሄድ ቦይ የለም፤ ጥቂት ሎኮችና ቴምዝ ነው፤ የእኛ ዓይነቱ ቀጭን ጀልባ ደግሞ የቴምዝን ማዕበል አይችልም። ናፍጣችንም እያለቀ ነበር። እናቴ «ቅዳሜ ወደ ላይ እንመለሳለን» አለች።

ዓርብ ከትምህርት ቤት መልስ፣ አባቴ ከቧንቧው ውሃ እየሞላ በስልክ ያወራል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ግን እኔ ከመስኮቴ ሥር ተኝቻለሁ፤ የሥራ ጫማው ከፊቴ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«ነገ ማለዳ ኦልድ ፎርድ ሎክ ላይ፣ ጋሼ። እኔ ቀድሜ ሄጄ በሩን እከፍታለሁ። አንዴ ሎክ ውስጥ ከገባች መሄጃ የላትም። . . . አውቃለሁ። አውቃለሁ፣ ጋሼ፤ እኔስ ብሆን? አብሬያት እየበላሁ፣ አብሬያት እየሳቅሁ። . . . እትዬ ሮማንወርቅ እስከ መቼ እንባቸውን ውጠው ይኖራሉ? አብሮ አደጋቸው እኮ ናት። እሷ ሳትሰማ ማን ያለቅሳል?»

የመጨረሻው አልገባኝም። የፊተኛው ግን በደንብ ገብቶኛል። አባቴ ሸጦናል። ክሬኑ ሎኩ አጠገብ ይቆማል፤ ማርጆሪ ሆዷን አየር ላይ ታሳያለች፤ እኔ ድስት ታቅፌ መንገድ ላይ እቆማለሁ።

እራት ላይ አባቴ ዓሣውን አጥንቱን እየለቀመ ሰጠኝ። አልበላሁለትም። «ምነው፣ ዳክዬዬ?» አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ ነፈግሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ጭጋጉ ከውሃው ላይ አልተነሳም ነበር። አባቴ የሎኩን መክፈቻ ብረት ትከሻው ላይ አድርጎ ቀድሞን በእግሩ ሄደ። እኔና እናቴ ማርጆሪን ይዘን ቀስ ብለን ተከተልን። አንዲት ጥቁር የውሃ ወፍ ጫጩቷን ይዛ ከፊታችን ዞር አለች። ሎኩ ሳይደረስ በቀኝ በኩል ሌላ ቦይ ይገነጠላል፤ በዚያ የተጠመዘዘ ሐክኒ ዊክ ይደርሳል፤ ከዚያ ሊ የሚባለው ወንዝ ነው፤ ከወንዙ ደግሞ እስከ ፈለጉበት ድረስ። ካርታውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ጊዜው ደረሰ አልኩ።

«እማዬ፣ ሎኩ እንዳትሄጂ። አባዬ ነግሯቸዋል።»

«ምን ነገራቸው?»

«ትናንት በስልክ። ጋሽ ዘውዴን። ሎክ ውስጥ ከገባች መሄጃ የላትም አላቸው። ማርጆሪን ሊወስዷት ነው!»

ፊቷን አላዞረችም። እጇ የመሪው ዘንግ ላይ ነው።

«ሌላስ ምን አለ?»

ድምፅ መቅዳት እችል የለም? የአባቴን ድምፅ አወረድኩት። «‹አብሬያት እየበላሁ፣ አብሬያት እየሳቅሁ። እትዬ ሮማንወርቅ እስከ መቼ እንባቸውን ውጠው ይኖራሉ? እሷ ሳትሰማ ማን ያለቅሳል?›»

«እንባቸውን ውጠው፣ አለ?»

«አዎ። እማዬ፣ በቀኝ! መታጠፊያው!»

የጀልባ መሪ ወደ ግራ ሲገፋ አፍንጫዋ ወደ ቀኝ ይዞራል። የእናቴን እጅ አየሁት። ዘንጉን ትንሽ ወደ ግራ ገፋችው፤ የማርጆሪ አፍንጫ ወደ ጠባቡ ቦይ መዞር ጀመረ፤ እኔም ጣሪያው ላይ ተነስቼ ቆምኩ። በዚያ ቦይ ላይ ማንም አልነበረም። ውሃው በአረንጓዴ የውሃ ቅጠል ተሸፍኖ እንደ መስክ ተዘርግቷል።

«እትዬ ሮማንወርቅና እታለም» አለች እናቴ፣ «አንድ ጫማ ነበራቸው። ታውቂያለሽ? የበዓል ጫማ። አንዷ ስታደርግ ሌላዋ ቤት ትውላለች።»

«እማዬ፣ አሁን!»

ዘንጉን መለሰችው። ማርጆሪ እንደ መወላወል አለች፤ ከዚያ ቀና ብላ ወደ ሎኩ ሄደች። አረንጓዴው መስክ በጎናችን አለፈ፤ ከኋላችን ቀረ። አለቀስኩ። እናቴ አልከለከለችኝም።

የሎኩ ክፍል ባዶ ነበር። በተከፈተው በር ስንገባ ግንቡ በግራና በቀኝ ከራሳችን በላይ ወጣ፤ ርጥብ፣ ጥቁር፣ ከስንጥቁ ሣር የበቀለበት። ከኋላችን በሩን ሲዘጉት ሰማሁ። ጋሽ ዘውዴ ከነሙሉ ልብሳቸው ረጅሙን የበር ግንድ በጀርባቸው እየገፉ ነበር።

«ወይ ጉድ፤ ይሄን ነው ኑሮ የምትሉት?» አሉ። ማንም አልሳቀም።

ክሬን ፈለግሁ። የለም። ቀና ስል አባቴ ከላይ መክፈቻ ብረቱን ይዞ ቆሟል። እናቴን ያያል። አይጀምርም።

«ሳህሌ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ቀስ አድርገህ ክፈተው።»

ይህን ሁልጊዜ ትለው ነበር። ውሃው በአንድ ጊዜ ከተለቀቀ ጀልባዋን ከግንቡ ያላትማታል፤ ብርጭቆ ይሰበራል። ለብርጭቆው መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት የዚያኑ ሎክ ግንብ ልመረምር ሄጄ ውሃውን የሚያስገባውን መዝጊያ ራሴ ከፈትኩት። ክፍሉ የሚሞላው የቀዳሁት ሻይ ሳይበርድ ነው። ያን ጠዋት ግን ጭጋጉ ተነስቶ ፀሐይ ግንቡ ላይ እስኪወጣ ፈጅቷል። የልጅ ትዝታ ያስረዘመው እንዳይሆን ብዬ አባቴን ጠየቅሁት። «አይደለም» አለ። «መዝጊያው በማርሽ ነው የሚነሳው፤ ጥርስ በጥርስ። አንድ ጥርስ አነሳና ቆሜ አያታለሁ። ራሷን ነቅነቅ ስታደርግ ሌላ ጥርስ።»

ቀጭ። ውሃው ከሥራችን ፈላ። ዝም። ቀጭ። ማርጆሪ መነሳት ጀመረች፤ ግንቡ በዓይናችን ፊት ወደ ታች ወረደ። እናቴ ቀና ብላ አታይም፤ ግንቡን ነው የምታየው፤ ሣሩን፣ ስንጥቁን፣ ጡቡን አንድ በአንድ። ቀጭ።

ከዚያ ዓይኔ ከድንጋዩ ጠርዝ ጋር እኩል ሆነና እንደ ልማዴ ጫማ አየሁ። የጋሽ ዘውዴ ቆዳ ጫማ ጭቃ ሆኗል። የቄሱም አለ። የእትዬ ሮማንወርቅን ግን መጀመሪያ አላወቅሁትም፤ ነጭ የስፖርት ጫማ ነው፤ አዲስ፣ ሐምራዊ ማሰሪያ ያለው፤ እኛን ለማሳደድ የተገዛ። ቀጭ። የቀሚሳቸው ጫፍ መጣ። እርስ በርስ የተያያዙ እጆቻቸው መጡ። ነጠላቸው እንደ ወትሮው ነው፤ ገና አልተዘቀዘቀም። በመጨረሻ ፊታቸው መጣ፤ አፋቸውን ገጥመው፣ ከንፈራቸውን ወደ ውስጥ ይዘው፣ አንድ ነገር እንዳይወድቅባቸው እንደሚጠብቅ ሰው።

ውሃው ከላይኛው ውሃ ጋር እኩል ሆነና ጸጥ አለ። ማርጆሪ መሬት አጠገብ ቆመች። እናቴና እትዬ ሮማንወርቅ ተያዩ።

ጋሽ ዘውዴ እጃቸውን ዘረጉ። «ልጄ» አሉ፤ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላቸው አላውቅም ነበር። «ውስጥ ገብተን ቁጭ እንበል።»

እናቴ ሞተሩን አጠፋችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ዳኒዬ፣ ነይ። መሪውን ያዢልኝ።»

ብቻዬን ይዤው አላውቅም። ስለምናት እስከዚያ ቀን «ስታድጊ» ትለኝ ነበር። ከጣሪያው ወረድኩና በሁለት እጄ ያዝኩት፤ ዘንጉ ከእጇ ገና ይሞቃል። አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ ገቡ፤ ቄሱ፣ ጋሽ ዘውዴ፣ እትዬ ሮማንወርቅ የአባቴን ክንድ ይዘው። በመጨረሻ እናቴ። በሩ ተዘጋ።

የቄሱ ድምፅ ጥቂት ተሰማ። ከዚያ የእትዬ ሮማንወርቅ ድምፅ ወጣ፤ ከዚያ የእናቴ። ጀልባዋ ከሥሬ ስትናወጥ ተሰማኝ፤ ውሃው ግን ቀጥ ብሎ እንደቆመ ነው። ከግንቡ እንዳትላተም ብዬ መሪውን መሀል ላይ አድርጌ፣ እግሬን ከፍቼ፣ ባለኝ ጉልበት ሁሉ ያዝኩት።